በመጀመሪያው ጥሪ የሚነሳው ስልክ

ንዴት ወደ እኔ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰው ቢሰድበኝ እንኳ ቤቴ ገብቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ አረፍ ካልኩ በኋላ ነው “ለካ ተሰድቤያለሁ” የምለው። ከመጣም ብዙ አይቆይም ነበር። ይሄኛው ግን መጣና እንደ ቤተኛ ተቀመጠ። ሱቄን ስከፍት አብሮኝ ይገባል፣ ስዘጋ አብሮኝ ይወጣል።

ያናደደኝ ስልክ ነው። ስልክ ስል ስልኩን የሸጠልኝን ሰውና መርጬ ያስገባሁትን ራሴን ማለቴ ነው። በዚያ ስልክ የተነሳ የአርባ ዓመት ወዳጄን በሐዘኑ ቀን በገዛ ድምፄ ገፋሁት። እኔ አላወቅኩም። እሱ ግን ሰምቷል። እንዴት እንደሆነ ከስሩ ላውራው።

ቦንጋ ውስጥ ማር እነግዳለሁ። ሱቄ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ናት፤ ፊት ለፊቷ ባጃጆች ይቆማሉ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። የማነበው ጣቴን ከፊደሉ ስር እያስኬድኩ ነው፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም። ማሩ የሚመጣልኝ ከደካ ወዲያ ካለው ጫካና ከቢታ ገነት ገጠሮች፣ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ከሚሰቅሉ ሰዎች ነው። ጎረምሳ ሆኜ በእግሬ እየዞርኩ ነው ያወቅኋቸው። አሁን እነሱም አርጅተዋል፣ እኔም አርጅቻለሁ።

ከሁሉም አንዱ ይበልጥብኛል። አገሩ ከደካ ከተማ ወርዶ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ነው። አንድ ክረምት ለማር ሄጄ ትኩሳት ጣለኝና፣ እሱና ወንድሙ በቃሬዛ ተሸክመው ነው መኪና መንገድ ያደረሱኝ። ያኔ ሚስቱ ገና ሙሽራ ነበረች። ነጠላዋን አልብሳኝ፣ “እንዳትመልሰው፣ ድነህ ና ብቻ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የማር ደንበኛ ብቻ አይደለም።

የእነዚህ ሰዎች ስልክ ባለ ቁልፏ፣ አናቷ ላይ ባትሪ የምታበራው ነች። ኔትወርክ የምትይዘው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው። ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ እኛ ሚስኮልን ቋንቋ አደረግነው። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ማሩ ከዛፍ ወርዷል ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ፣ በሚመጣው ገበያ ጠብቀኝ፣ ይዤ እመጣለሁ። ሦስቴ ከሆነ ክፉ ነገር አለ፤ የታመመ ወይም የሞተ አለ፣ ቶሎ መልሰህ ደውል። ከሦስት ካለፈ ሰውየው ካርድ ሞልቶ ሊያወራ ነው የደወለው፤ ያን ጊዜ ይነሳል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልደነገገው። እንዲሁ በልማድ ሆነ።

የሱቄ ስልክ ባለ ሽቦው፣ የደዋዩን ቁጥር በትንሽ መስኮት የሚያሳየው ነበር። ሰዎቹን በቁጥራቸው ጅራት ነው የማውቃቸው። ወዳጄ አርባ ሰባት ነው። አርባ ሰባት ብቅ ሲል ልቤ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ይወጣል።

እኛ ሱቅ ስልክ ቶሎ ማንሳት ነውር ነበር። ቶሎ ያነሳ የሰው ካርድ በላ ማለት ነው። ልጄ ከሕፃንነቷ በዚህ ነው ያደገችው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና፣ አብራኝ እየሠራች፣ የአዲስ አበባ ገዢዎችን የምታነጋግረው እሷ ነች። አንድ ቀን ከዚያው ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ሱቅ ተቀምጦ ስልኩ መጥራት ጀመረ። እኔም ልጄም አልተነቃነቅንም።

“ጋሼ፣ ስልክ እየጠራ ነው” አለኝ።

“አዎ፣ ሰምቼዋለሁ።”

“አያነሱትም እንዴ?”

“ሰውየው አልጨረሰም።”

ስልኩ ሁለቴ ጮኾ ተቋረጠ። “የቢታው ሰውዬ ለገበያ ይመጣል” አለች ልጄ። ገዢው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋ።

እንግዲህ መንገድ ሥራ መጣ። መንገድ መልካም ነው፣ አልጠላሁም። ቆፋሪው ግን የስልክ ሽቦ በበጠሰ ቁጥር ሱቃችን ዲዳ ይሆናል። አመልክተን፣ ተመላልሰን፣ ተለማምጠን ይቀጠላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ይበጠሳል። ገዢዎቹ “ስልካችሁ አይሠራም” እያሉ ልጄን ያማርሯታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንዱ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሦስቴ ደውሎልኝ ሽቦው ተበጥሶ ቢሆንስ?

“አባባ፣ የኢንተርኔት ስልክ እናስገባ” አለች ልጄ። “ሽቦ አይፈልግም፣ ቁጥራችንንም ይዘን መቀጠል እንችላለን።”

በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነጋዴውን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበ። ለስላሳና ብስኩት ቀረበልን፣ እስክሪብቶ ታደለን። ሻጩ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሲናገር ትንፋሽ የማይወስድ ሰው ነው። ሲስተም ይላል፣ ፓኬጅ ይላል። ግድግዳው ላይ ምስል እያሳየ፣ “ክቡራን ነጋዴዎች፣ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳለት ወደ ሌላ ይሄዳል” አለ። እኔ አጨበጨብኩ። ምን እንዳጨበጨብኩ እግዜር ይወቀው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄ አብሮ ሄደ።

ፓኬጁ ሦስት ነበር። አንደኛው ተራ ነው፤ ስልኩ በኢንተርኔት ይሠራል፣ ይጠራል፣ ሰው ያነሳዋል፣ በቃ። በሁለተኛው፣ የሱቁ ስልክ ሲጠራ በልጄም ሞባይል ላይ ይጠራል። ሦስተኛው ሙሉው ነው። የደወለውን ሰው ወዲያው አንስቶ፣ በድምፅ ተቀብሎ፣ ወደሚፈልገው የሚመራ።

ሱቄ አጠገብ ኮረሪማ የምትነግድ እትዬ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከመሃል አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ። እጇን አወጣች።

“እኔ ሳልኖር የሚያነሳው ማነው?”

“ሲስተሙ ነው፣ እትዬ።”

“ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። እሷ አልሳቀችም። “የማላውቀው ሰው ስልኬን እንዲያነሳ አልፈልግም” ብላ፣ ብስኩቷን በሶፍት ጠቅልላ ወጣች። ያቺን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴን ማውለቅ ያምረኛል።

ልጄ ወረቀቱን አገላብጣ፣ “አባባ፣ አንደኛው ይበቃናል” አለችኝ። ሻጩ ሰምቶ ቀረበ።

“ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ነባር ነጋዴ በተራው አይወሰንም። ሙሉውን ከወሰዱ አንድም ጥሪ አይጠፋብዎትም።”

የያዘኝ ይሄ ቃል ነው። አንድም ጥሪ አይጠፋብዎትም። ክረምቱን ሙሉ በተበጠሰ ሽቦ ስሠቃይ ለከረምኩ ሰው ይሄ ማር ነው። ያንን ፓኬጅ የመረጥኩት ለኮረብታው ሰዎች ብዬ ነው፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ወረቀቱ ላይ “ማንኛውም ጥሪ በመጀመሪያው ጥሪ ይነሳል” ተብሎ ተጽፏል። ጣቴን ከስሩ አስኪጄ፣ አንድ በአንድ አነበብኩት፤ ደስም አለኝ። የራሴን ሱቅ ሕግ፣ ልጄን ከሕፃንነቷ ያስተማርኩትን ሕግ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ተዘቅዝቆ ሳየው አላወቅኩትም። ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም፣ ሰው ሲጓጓ አያነብም።

አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። “ቁጥሬ አይቀየርም?”

“አይቀየርም ጋሼ።”

ፈረምኩ።

በነጋታው ሻጩ ድምፄን ሊቀዳ ሱቅ መጣ። የባጃጁ ጩኸት እንዳይገባ በሩን ዘጋን። “በራስዎ ድምፅ ሲሆን ደንበኛ ያምናል” አለኝ። የምለውን ጽፎ ሰጠኝ፤ ልጄ ቀድማ እያነበበችልኝ አጠናሁት። “እንኳን ደህና መጡ። ማር ለመግዛት አንድን ይጫኑ። ማር ለመሸጥ ሁለትን ይጫኑ።”

“ፈገግ ብለው ይበሉት ጋሼ። ፈገግታ በድምፅ ይሰማል።”

ፈገግ ብዬ አልኩት። ቀጥሎ ሌላ አስባለኝ። “ምርጫዎ ትክክል አይደለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

“ይሄ ደግሞ ለማነው?”

“ለተሳሳተ ሰው ነው።”

እሱንም ፈገግ ብዬ አልኩ። ከዚያ፣ “በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖም ልበለው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ሲስተሙ የሚቀበለው ሁለት ቋንቋ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ” አለኝ። እንግሊዝኛውን ልጄ አለችው። እስከ ዛሬ አንድም ሰው በእንግሊዝኛ ማር ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም።

ስልኩ ሠራ። የአዲስ አበባዎቹ ደስ አላቸው። ከሱቃችን ግን ያ የለመድነው ጩኸት ጠፋ። አንዴ የለ፣ ሁለቴ የለ። የነጭ ማር ወቅት ነው፤ ንቡ ነጩን ማር የሚቀስምበት የገተሜ ዛፍ አበባውን ጨርሷል፣ ማሩ መውረድ አለበት። “ዝናቡ አዘግይቶት ይሆናል” እላለሁ። “ንቡ ሸሽቶ ይሆናል” እላለሁ። ስልኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አያለሁ፤ ድምፅ አለው። ደግሜ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

አንድ የገበያ ቀን ከቢታ ገነት በኩል የሚመጣውን ማር አውራጅ በሱቄ ፊት ሲያልፍ አየሁት። ማሩን በጀርባው ተሸክሟል። ዞር ብሎም አላየኝ። ወጥቼ ጠራሁት።

“አንተ! ቤትህን ረሳኸው?”

ቆመ፤ ግን አልቀረበም። “ጌታው በአካል ይገኛሉ እንዴ? እኔ ቁልፍ ተጭኖ መግባት ያለብኝ መስሎኝ።”

“ምን ማለትህ ነው?”

“ሁለቴ ላደርግልዎ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጮኽ አነሱት። ካርዴን በሉ። ‘አባቴ እንዴት ከረሙ’ ስልዎ ‘ሁለትን ይጫኑ’ አሉኝ። ስድብ ነው ብዬ ዘጋሁት።”

“እኔ እኮ አይደለሁም፣ የተቀዳ…”

“ድምፅዎን አጣዋለሁ እንዴ?” ማሩን ከጀርባው አስተካከለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የእኔስ ማር ነው፣ ሌላ ይገዛዋል። የዚያ የደካው ወዳጅዎ ነገር ነው የከፋው። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ሳምንት አለፋት። ደውሎ ነግሮዎት፣ ቁልፍ ተጫን አሉት ይባላል። ለቅሶም አልደረሱም። አገሩ ሁሉ ያወራዋል።”

ነጠላዋን ያለበሰችኝ ሴት ሞታ ተቀብራለች፤ እኔ ቦንጋ ተቀምጬ ዝናቡ አዘገየው እላለሁ።

ሱቅ ገብተን ልጄ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። የደወለ ሁሉ ስሙ ባይኖርም ቁጥሩ በዝርዝር ይታያል። በጣቴ ወረድኩ። አርባ ሰባት። አርባ ሰባት። ከታች ሌላ ቁጥር ያው ቀን፤ በኋላ የወንድሙ ስልክ መሆኑን አወቅሁ። ሦስቱም አጠገብ በአረንጓዴ አንድ ቃል ተጽፏል። ጣቴን አስቀምጬ ፊደል በፊደል አነበብኩት። “ተስተናግዷል።”

ተስተናግዷል! ሰውየው የሚስቱን ሞት ለግድግዳ ነግሮ ተስተናግዷል! ኮምፒውተሩን በቡጢ ልለው እጄን አነሳሁ፤ ልጄ ያዘችኝ። “አባባ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብህ” ብላ አለቀሰች። “አንቺማ አንደኛው ይበቃናል ብለሽ ነበር” አልኳት። እውነቱ ይሄ ነው፤ እሷ ላይ የማላክከው የለኝም።

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ደካ ገባሁ። ከዚያ በእግሬ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁለት ሰዓቱ አራት ሆነብኝ። ደጃፉ ስደርስ እንደ ወጉ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። የሚቀበለኝ አልቃሽ አልነበረም። ለቅሶው ካበቃ ቆይቷል። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ባዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።

ወዳጄ ወጣ። በርጩማ አቀረበልኝ፣ ተቀመጥኩ። “እግዚአብሔር ያጽናህ” አልኩት። ከእኔ ጋር የሚያወራው በካፊኖኖ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የማወራውም እሱ ያለውን ነው። ከዘራውን አንስቶ፣ “ተነስ” አለኝ።

ተከተልኩት። እሱ በከዘራው፣ እኔ በጉልበቴ፣ ኔትወርክ ወደምትይዝበት ኮረብታ ወጣን። አናቱ ላይ ሰዉ ሁሉ እየቆመበት የለሰለሰ ድንጋይ አለ። እዚያ አቆመኝ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የእኔን ቁጥር በቃሉ ነካካና ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። አንዴ እንኳ ሙሉ አልጮኸም። እኔ መጣሁ። ደስ ያለው፣ ፈገግ ያለ ሰውዬ። እንኳን ደህና መጡ።

“ሰላም በለው” አለኝ ወዳጄ።

“ይሄ እኮ…”

“ሰላም በለው! ይመልስልህ እንደሆነ እንይ።”

ሰውዬው በጆሮዬ ውስጥ አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ ይላል።

“በል አሁን ንገረው። ሚስቴ ሞተች በለው።”

“ወንድሜ፣ ተው…”

“እኔ ነግሬዋለሁ። አንተም ንገረው። ላንተ የሚለው ሌላ እንደሆነ እንስማ።”

ምርጫዎ ትክክል አይደለም፣ አለ ሰውዬው። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። ከዚያ ካርዱ አለቀና ተቋረጠ። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

“እንደገና ሞክር ስላልከኝ” አለ ወዳጄ፣ ስልኩን እየተቀበለኝ፣ “ወርጄ ካርድ ለምኜ እንደገና ሞከርኩ። ሁለተኛም እንደዚያው አልከኝ። ወንድሜ በራሱ ስልክ ሞከረ። እሱንም እንደዚያው። ሬሳው ቤት ተኝቶ እኔ ይሄን ኮረብታ ሁለቴ ወጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በአማርኛ አናግረኸኝ አታውቅም። ሚስቴ የሞተች ቀን በአማርኛ አናገርከኝ። እርስዎ አልከኝ።”

“ማሽን ነው። ተቀድቶ ነው። እኔ አልሰማሁህም።”

“አንተ ነህ የቀዳኸው?”

“እኔ ነኝ።”

“ስትቀዳው ማንን አስበህ ነበር?”

ልዋሽ እችል ነበር። “የአዲስ አበባዎቹን” አልኩት።

“እኛንስ?”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ከአፌ አንዴ ወጥቶ ዝም ያለ አይደለም፣ በደወለ ሁሉ ጆሮ እንደ አዲስ የሚወጣ ነው።

ቤቱ ወስዶ ቆጮ አበላኝ። የጥንቱ ሰው ነው፤ ጠላቱንም ሳያበላ አይሸኝም። ስመለስ ግን የሸኘኝ እስከ አጥሩ ብቻ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ሳያሻግረኝ ተለይቶኝ አያውቅም ነበር። አጥሩን ይዞ ቆመ፤ እኔ ብቻዬን ወንዙን ተሻገርኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች “ጋሼ ታመዋል?” እያሉ ጠየቁኝ። ዋናው ንዴቴ ያን ጊዜ ነው የደረሰልኝ፤ ቦንጋ እስክገባ ሙሉ ሰው አክሎ ነበር።

ሱቅ እንደገባሁ ለሻጩ ደወልኩ። የሚያነሳልኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? “እንኳን ደህና መጡ” አለችኝ አንዲት ፈገግተኛ። ለሽያጭ አንድን፣ ለቅሬታ ሦስትን። ሦስትን ተጫንኩ፤ ሙዚቃ ለቀቁብኝ። ያን ሙዚቃ ቆሜ ሰማሁት፣ ተቀምጬ ሰማሁት። በመጨረሻ ሻጩ ራሱ መጣ። የሆነውን ሁሉ ሳልቸኩል ነገርኩት።

“አይ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሴቲንግ ነው!” አለኝ፣ እየሳቀ። “ድምፁ እንዲጠፋ፣ ቶሎ እንዳያነሳ ማድረግ ይቻላል። በጣም ቀላል ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።”

“ይቻል ነበር?”

“በደንብ!”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቁኝማ።”

በዚያ ሱቅ ስሠራ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ጮህኩ። የባጃጅ ሾፌሮች ከመንገድ ማዶ ዞረው አዩኝ። “አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? ስንት ሠራተኛ አለህ አልከኝ፣ ሱቅህ ስንት በር አለው አልከኝ፣ ኢንተርኔትህ ፍጥነቱ ስንት ነው አልከኝ። ማን ነው የሚደውልልህ ብለህ ጠየቅከኝ? አንድ ጊዜ! ሰው ስልክ ሲሸጥ ማን እንደሚደውል ሳይጠይቅ ምን ሊሸጥ ነው? ፈገግ በል አልከኝ እንጂ!”

“ቅሬታዎን እናስመዘግባለን” አለኝ።

“አስተናግዱልኝ” አልኩና ዘጋሁት።

በሳምንቱ ሰው ልኮ ሙሉውን ነቀለልን። አንደኛው ገባ፤ ተራው፣ ልጄ መጀመሪያ ይበቃናል ያለችው። ይጠራል፣ ሰው ያነሳዋል፣ ካልተነሳ ዝም ይላል። ለሚያማርሩት የአዲስ አበባ ገዢዎች ልጄ የራሷን የሞባይል ቁጥር ሰጠቻቸው። ቁጥር የሚያሳየው መስኮትም ተመልሶ መጣ። ኮረሪማ ነጋዴዋ እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሰውየው ሲነቅል ስታይ ቆየች።

“እና ጋሼ፣ ሲስተሙ የማን ልጅ ሆኖ ተገኘ?”

“የእኔ” አልኳት። እሷም አልሳቀች፣ እኔም አልሳቅሁ።

በየገበያው ለሚመጣው ሁሉ መልእክት ላክሁ። ያ ቁልፍ ተጫኑ ባዩ ሰውዬ ከሱቅ ወጥቷል፣ እንደ ድሮው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ብላችሁ ንገሩልኝ። የቢታ ገነቱ ከሁለት ገበያ በኋላ ሁለቴ አደረገልኝና መጣ። ማሩን ሲያወርድ፣ “ኧረ ተመስገን፣ ዲዳ ሆነዋል” አለኝ። ሌሎችም ተመለሱ። ያልተመለሱም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አርባ ሰባት ግን ዝም እንዳለ ነው። እኔ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው፣ ወይም ከኮረብታው በታች ነው። ነጭ ማሩን ለማን እንደሰጠ አልጠየቅኩም። ማሩን ይብላው። እኔ የምፈልገው እዚያች መስኮት ላይ ያቺን ሁለት ቁጥር ነው። ተዝካሯ ሲደርስ ሄጄ ከሰው ኋላ ተቀመጥኩ። ሰላም አለኝ፤ እንደ ማንም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ከሰዓት፣ ልጄ ማር እያጣራች፣ እኔ ጣሳ እያጠብኩ። ስልኩ ጮኸ። አርባ ሰባት። እጄ እንደራሰ ቀረሁ። አንዴ። ማሩ ወርዶ ይሆናል አልኩ። ሁለቴ። ሊመጣ ነው አልኩ። ሦስቴ። አሁን ደግሞ ማን ሞተ? ልጄ ማጣሪያውን አስቀመጠች። አልቆመም። አራተኛው ጮኸ።

አነሳሁት።

“ቁልፍ ልጫን?” አለ። “አንድ ይሻላል ሁለት?”

“ምንም አትጫን። እኔ ነኝ።”

“እንዴት አውቃለሁ? ያኛውም ይሄው ድምፅ ነበር።”

“ጠይቀኝ።”

“ሰላም ነህ ወይ?” አለ። ሰላም ነኝ አልኩ። “ልጅህ ደህና ነች?” ደህና ነች። “ጉልበትህስ?” ያመኛል አልኩ። “ጎረቤትህስ? ያቺ ኮረሪማ ነጋዴዋ?” ደህና ነች። “ዝናብ ጣለላችሁ?” ጥሎ አቆመ። አንዱንም ሳይዘል፣ እኔም አንዱንም ሳልዘል፣ ካርዱ እየነደደ ሁሉንም ጠየቀኝ። ጠይቆ ሲጨርስ ተራው የእኔ ሆነ። አንተስ ሰላም ነህ ወይ፣ ቤቱን ብቻህን እንዴት ያዝከው፣ ማን ያበስልልሃል፣ ልል አፌን ስከፍት ተቋረጠ። ካርዱ አለቀበት።

መልሼ ደወልኩ። አንዴም ሳይጮኽ አነሳው።